«ቀለሙ የፋብሪካ ነው?»፦ ያረጁ የቆርቆሮ መኪኖች ገበያ ወዴት እየሄደ ነው

በ1945 መጨረሻ ላይ፣ ጃፓን ተሸንፋ በአሜሪካ ጦር ሥር ከወደቀች ገና አራት ወር ሳይሞላት፣ ኪዮቶ ከተማ ውስጥ ማሩቡትሱ በሚባል ትልቅ መደብር አንዲት የቆርቆሮ ጂፕ ለሽያጭ ቀረበች። ርዝመቷ 10 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ዋጋዋም 10 የን። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የሠራት ኮሱጌ ማትሱዞ ከጦርነቱ በፊት በመጫወቻ ሥራ እንጀራውን ሲበላ የኖረ ሰው ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ግን ብረት ለመሣሪያ እንጂ ለልጅ መጫወቻ አይፈቀድምና ሙያው ቆሞበት ቆየ። ቶኪዮን ለቆ በተጠለለባት በኦትሱ ከተማ መንገድ ዳር የቆመች የአሜሪካኖች ጂፕ አየ። ሜትር አልያዘም፤ በፎጣው ለካት። ላሜራውስ ከየት ይምጣ? ወታደሮቹ በልተው ከጣሉት ጣሳ። ጣሳው ታጠበ፣ ተዘረጋ፣ ተቆረጠ፣ ጂፕ ሆነ። ሕዝቡም ተሰልፎ ገዛ።

ከ80 ዓመት በኋላ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማግኘት አህጉር የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ። የቆርቆሮ መኪና፣ ባቡር፣ መርከብ፣ ሮቦት፣ የብስኩትና የትንባሆ ቆርቆሮ ሳይቀር በጨረታ ይሸጣል፤ ካታሎግ ይታተምለታል፤ ሙዚየም ይሠራለታል። ገዢው ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው ለምኑ ነው? ለረጅም ጊዜ መልሱ «ለልጅነቱ» የሚል ነበር። በ1950ዎቹ ልጅ የነበረ አሜሪካዊ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ እጁ ላይ ትርፍ ገንዘብ ሲገባ፣ ያኔ የተሰበረበትን ወይም በመስኮት እያየ የተመኘውን መኪና ፈልጎ ይገዛ ነበር። ገበያውን ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ የቆየው ይህ ሰው ነው። ይህ ሰው አሁን ሰማንያን እየተጠጋ ወይም እያለፈ ነው። ከገዢዎች ወንበር ተነሥቶ ወደ ሻጮች ወገን ተሻግሯል፤ ወራሾቹ ደግሞ መደርደሪያውን እንጂ ትዝታውን አልወረሱም።

እኔ የሚታየኝ ነገር ይህ ነው፦ ትዝታው ከባለቤቱ ጋር ሲሄድ ዕቃው ከነጭራሹ ዋጋ አያጣም፤ ዋጋው የቆመበት መሠረት ግን ይቀየራል። በዚህ ቅያሬ ጥቂቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ብዙው ቁልቁል ይወርዳል። የትኛው እንደሚወጣና የትኛው እንደሚወርድ ለማወቅ እነዚህ ዕቃዎች እንዴት ይሠሩ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

ጥንቱ ጀርመን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጫወቻ ሥራ ዋና ከተማ ኑረምበርግ ነበረች፤ ቢንግ የተባለው የወንድማማቾች ድርጅት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከዓለም ትልቁ መጫወቻ አምራች እስከመሆን የደረሰው እዚያ ነው። ማርክሊን በ1859 ጎፒንገን ውስጥ፣ ሌማን ደግሞ በ1881 ብራንደንቡርግ ውስጥ ተመሠረቱ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ክፍሎቹን በየዳር በየዳሩ በይዶ በእጅ መቀባት ነው፤ የማርክሊን ትልልቅ መርከቦች እንዲህ ነበሩ፣ የሚገዛቸውም ባለጸጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው መንገድ ርካሽ ነበር፤ ዛሬ የምናየውን ዓይነት የቆርቆሮ መኪና የወለደውም እሱ ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በ1875 ሮበርት ባርክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በላሜራ ላይ ለማተም የሚሆን የኦፍሴት ማተሚያ አወጣ። ከዚያ በኋላ ሠዓሊው ሥዕሉን የሚያትመው መኪናው ላይ ሳይሆን ገና ባልታጠፈ ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ ሆነ። መስኮቱ፣ መብራቱ፣ የበሩ እጀታ፣ ሹፌሩ ከነባርኔጣው፣ ከኋላ የተቀመጠችው ሴት ሳትቀር፣ ሁሉም በየቀለሙ ተራ በተራ ታትሞ በምድጃ ይደርቃል። ከዚያ ላሜራው ማሽን ውስጥ ገብቶ ይቆረጣል፣ ይደፈጠጣል፣ ቅርጽ ያወጣል። ሠዓሊው ላሜራው ሲታጠፍ የቱ ጋ እንደሚሳብና የቱ ጋ እንደሚጨማደድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ የሹፌሩ አፍንጫ ጆሮው ሥር ይገኛል። በመጨረሻ ከአንዱ ክፍል ዳር የወጡ ትናንሽ ምላሶች በሌላው ቀዳዳ ገብተው ይታጠፋሉ። ብየዳ የለም፣ ብሎን የለም። አሮጌ የቆርቆሮ መኪና ገልብጣችሁ ሆዱን ብታዩ እነዚያን የታጠፉ ምላሶች ታገኛላችሁ። ልምድ ያለው ገዢ መጀመሪያ የሚያየውም እነሱን ነው፦ ምላሱ አንዴ ብቻ ከታጠፈ ማንም አልከፈተውም ማለት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቃንቶ የታጠፈ ምላስ ግን ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ እንደተነካካም ያሳብቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ደላላውን የሚጠይቀውን ያውቃል፦ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው?» የቆርቆሮ መኪና ገበያም በዚሁ ጥያቄ ያድራል፣ ነገር ግን እዚህ መልሱ ይበልጥ ያከርራል። እውነተኛ መኪና ቢቀባ ይነዳል። የታተመ ቆርቆሮ ግን አንዴ ከተፋቀ መመለሻ የለውም፤ በብሩሽ የተነካካው ቦታ ከነጥብ ነጥቡ ህትመት አጠገብ ሲቀመጥ ከሩቅ ይለያል። በእጅ የተቀባውን የድሮ ማርክሊን መርከብ ሌላ ባለሙያ መልሶ ሊቀባው ይችላል፣ እንደዚያም ተደርጎ የተሸጠ አለ። በህትመቱ ዕቃ ግን እንደዚያ ማታለል አይቻልም። ስለዚህ የዚህ ገበያ ዋናው ሸቀጥ ከብረቱ ይልቅ ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ የሚያንሰው ያ የታተመ ገጽ ነው። ሻጮች ይህን በግልጽ አይናገሩም፤ ዋጋ ሲተምኑ ግን የሚያደርጉት ሁሉ እንዲያ ነው።

ዝገቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለመጫወቻና ለምግብ ጣሳ የሚሆነው ላሜራ ብረት ሆኖ ከላይ ቲን የተባለ ማዕድን በስሱ ተለብጦበታል። የቤት ክዳን የምናደርገው ቆርቆሮ ግን የተለበጠው በዚንክ ነው። ሁለቱ ሲጫሩ የሚያደርጉት የተለያየ ነው። ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ይበላል፣ ስለዚህ የተጫረው ጣሪያ ለዓመታት ይከርማል። ቲን ግን ብረቱን የሚጠብቀው ሳይነካ ሙሉ ሆኖ እስከቆየ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተጫረና እርጥበት ከገባ ብረቱ ቀድሞ ይበላል፣ እንዲያውም ባዶውን ቢሆን ከሚዝገው ይፈጥናል። በመስኮት ያረፈ የቆርቆሮ መኪና ላይ የምታዩዋት ጤፍ የምታህል ቡናማ ነጥብ ሥሯ ህትመቱ ሥር ተዘርግቶ ሊሆን ይችላል። ሰብሳቢዎች ዕቃቸውን በደረቅ ክፍል መስታወት ውስጥ የሚያኖሩት፣ ባትሪ አውጥተው የሚያስቀምጡት፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል እንግዳ ሲመጣ የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ቢንግ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደቀ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ አይሁድ የሆኑ የመጫወቻ ፋብሪካ ባለቤቶች ተሰደዱ፤ ከእነሱ አንዱ የኑረምበርጉ ፊሊፕ ኡልማን እንግሊዝ ገብቶ በ1933 ሜቶይን መሠረተ፤ ኮርጊ የተባሉትን መኪኖች ኋላ ያወጣው ይኸው ድርጅት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ቀዳሚነቱ ወደ ጃፓን ዞረ።

ጃፓን ከ1947 ጀምሮ በግል ንግድ ዕቃ ወደ ውጭ እንድትልክ ሲፈቀድላት ዕቃዎቿ ላይ «በተያዘች ጃፓን የተሠራ» የሚል ማኅተም ማሳረፍ ግዴታ ሆነ፤ ማኅተሙም የሰላም ውሉ በ1952 ጸድቆ የጦሩ አስተዳደር እስኪነሣ ይታይ ነበር። አንድን ዕቃ በአምስት ዓመት ልዩነት ውስጥ ቁርጥ አድርጎ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ምልክት በሰብሳቢነት ዓለም ብዙም አይገኝ። የዚያን ዘመን አንዳንድ መጫወቻ ገልብጦ ውስጡን ያየ ሰው የምግብ ወይም የመጠጥ ጣሳ ጽሑፍ ያገኛል። ከውጭ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ነው፣ ከውስጥ የሌላ ፋብሪካ ማስታወቂያ።

በ1950ዎቹ ጃፓኖች በጣሳ መጫወት ትተው ትልልቅ የአሜሪካ መኪኖችን መቅረጽ ጀመሩ። ማሩሳን ያወጣው፣ ያው የጂፑ ባለቤት ኮሱጌ የሠራው የካዲላክ መኪና የዚያ ጅማሬ ነው፤ ርዝመቱ ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል፣ የሚያብረቀርቀው የፊት መከላከያ ከእውነተኛው አይተናነስም። አሳሂ የሠራው የ1962 ክራይስለር ኢምፔሪያል ደግሞ ሰብሳቢዎች ዛሬ በጣም የሚሳሱለት ነው፤ ከነሳጥኑ ደህና ሆኖ የተገኘ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ያወጣበት ጊዜ አለ። ባንዳይ፣ ዮኔዛዋ፣ ኖሙራ፣ ማሱዳያ፣ አልፕስ የሚባሉት ሁሉ በዚህ ዘመን ገንነው ወጡ። ብዙዎቹ መኪኖች በባትሪ ወይም በፍሪክሽን ነበር የሚሄዱት፦ ልጁ መኪናውን መሬት ላይ ገፋ ገፋ ሲያደርገው ውስጡ ያለ ከባድ የብረት ጎማ ይሽከረከርና ሲለቀው በራሱ ኃይል እያጉረመረመ ይሮጣል። እነዚህን መኪኖች የሠራው ጃፓናዊ ሠራተኛ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ አልተጫወተባቸውም። በመርከብ ተጭነው አሜሪካ ሄዱ። ኋላ የጃፓን ሀብት ሲደላደል ጃፓናውያን ሰብሳቢዎች ከአሜሪካ ጨረታ እየገዙ ወደ አገራቸው መለሷቸው። ቴሩሂሳ ኪታሃራ የተባለው ስመ ጥር ሰብሳቢ በ1986 ዮኮሃማ ላይ የቆርቆሮ መጫወቻ ሙዚየም ከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒክሳር «ቲን ቶይ» የተሰኘውን አጭር ፊልም ሠራ፤ በኮምፒውተር ከተሠሩ ፊልሞች መጀመሪያ ኦስካር ያገኘው እሱ ነው።

ቆርቆሮን የጣለው አንድ ነገር አይደለም። ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ አይቆርጥም፣ የፈለጉትን ቅርጽ ይወስዳል። አሜሪካ በ1969 ያወጣችው የመጫወቻ ደኅንነት ሕግ ስለታም ጠርዝን ዒላማው አደረገ። የጃፓን ደመወዝ አደገ፣ ከ1971 በኋላ የንም ተወደደ። በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስም አለ፤ አሜሪካ በ1978 በመጫወቻና በቤት ቀለም ላይ ገደብ አበጀችለት። ስለዚህ ለልጅ የተሠራ አሮጌ ቆርቆሮ ዛሬ በልጅ እጅ ሊገባ አይገባውም። የቤት ባለቤቱ ልጆች ሊነኩት የማይፈቀድላቸው የመጫወቻ ክምር ማየት ለእኔ ሁልጊዜ ትንሽ ያስቀኛል።

አሁን ወደ ገበያው። በ2010 ሶዝቢስ ኒው ዮርክ ላይ የማልኮልም ፎርብስን የመጫወቻ ስብስብ ሲሸጥ አንዲት የማርክሊን ሉሲታንያ መርከብ ወደ 200 ሺህ ዶላር የሚጠጋ አወጣች። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጥር 2005 ላይ፣ ሌቦች ጎፒንገን የሚገኘውን የማርክሊን ሙዚየም ሰብረው ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሚገመቱ ጥንታዊ መጫወቻዎችን ወስደው ነበር፤ ኋላ ተገኙ። ይሁንና በ2009 ማርክሊን ራሱ ከስሮ ፍርድ ቤት ገባ። አሮጌው ዕቃ በወርቅ ዋጋ ሲሸጥ አዲሱን የሚያመርተው ፋብሪካ ደመወዝ መክፈል አቃተው ማለት ነው። ይህ ተቃርኖ ለሰብሳቢው ምልክት ነበር፦ ልጆች መጫወቻውን መግዛት ሲያቆሙ የነገ ትዝታ ፋብሪካም ይቆማል።

ከላይ ያለው ዕቃ እንዲህ ሲወጣ የመካከለኛው ዕቃ ዋጋ ግን ለዓመታት ሲንሸራተት ቆይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሻጩ ብዛት ነው። በፊት አንድ ሰው የባንዳይ መኪና ለማግኘት የጥንታዊ ዕቃ ገበያ ለገበያ መዞር ነበረበት፤ «ብርቅ ነው» የሚለውን ከሻጩ አፍ ተቀብሎ ይከፍላል። ኢንተርኔት ሲመጣ ብርቅ የተባለው መኪና ከየአገሩ ሰገነት መቶ ሆኖ ወጣ። ሌላው ቅጂ ነው። በቻይና በድሮ ንድፍ የተሠሩ የቆርቆሮ መጫወቻዎች ርካሽ ስጦታ ሆነው ይሸጣሉ፤ ሐቀኛ ሻጭ አዲስ መሆናቸውን ይናገራል፣ ሐቀኛ ያልሆነው በጭቃና በጭስ ያሻሸዋል። ሆዱን ገልብጦ ማየት፣ ምላሱን መመርመር፣ የህትመቱን ነጥብ በአጉሊ መነጽር ማየት እዚህ ላይ ይረዳል።

ሣጥኑስ? ካርቶኑ መጀመሪያ ገና በልደት ቀን ተቀዶ የሚጣል ነበር፤ ለዚህም ነው ዛሬ አንዳንዴ ከውስጡ ካለው መኪና ጋር የሚተካከል ዋጋ የሚወጣለት። ፊቱ ላይ የተሳለው ሥዕል ከመኪናው ያምራል። እኔ ይህን ዋጋ እንደ ማበድ የማየው ቢሆንም ሎጂኩ ግን ገብቶኛል፦ ሣጥን ያለው መኪና «ማንም አልተጫወተበትም» የሚል ምስክርነት ይሸጣል። በልጅነት ትዝታ ለሚገዛ ሰው ግን ሣጥን ምን ያደርግለታል? እሱ ሣጥኑን የቀደደው ልጅ ነበር። የሣጥን ዋጋ መናር ገዢው መቀየሩን ከሚያሳዩ ምልክቶች ትልቁ ነው፤ አዲሱ ገዢ ልጅነቱን አይገዛም፣ የህትመት ሥራና የዘመኑን ገጽታ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ነገ የሚወጣው የታወቀ ሠሪ፣ የታወቀ ዓመት፣ ያልተነካ ገጽ ያለው ነው። ዝም ብሎ «አሮጌ መኪና» የሆነው ይወርዳል።

መጫወቻ ያልሆነው ቆርቆሮ በዚህ ረገድ ቀድሞ ደርሷል። የብስኩትና የትንባሆ ጣሳ ሰብሳቢዎች ከመጀመሪያውም ልጅነትን አልፈለጉም። የእንግሊዙ ሃንትሊ ኤንድ ፓልመርስ፣ ሬዲንግ ከተማ የነበረው ብስኩት ፋብሪካ፣ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በመጽሐፍና በአበባ ማስቀመጫ ቅርጽ ጣሳ ያሳትም ነበር፤ የሬዲንግ ሙዚየም ብዙዎቹን ይዟል። ብስኩቱ ሲያልቅ ጣሳው ቤት ውስጥ ይቀራል፣ ለዚህም ነው የተረፈው። በዓለም ላይ ስንት እናት ብስኩት አገኘሁ ብሎ የሮጠን ልጅ መርፌና ክር ባለበት ሰማያዊ የዴንማርክ ብስኩት ቆርቆሮ እንዳሳዘነች የቆጠረ የለም፤ የእኛም እናቶች ከዚያ ቁጥር ውስጥ ናቸው።

የእኛ ነገር ከዚህ ጋር እውነተኛ ዝምድና አለው፣ ግን ሌላ ዓይነት ነው። እኛ ዘንድ ጣሳ ማንም አላስቀመጠውም፤ እስኪያልቅ ተጠቀመበት። የወተት ዱቄት ጣሳ እህል መስፈሪያ፣ ሲጎድፍ ውኃ መቅጃ፣ ሲቀዳደድ ኩራዝ ሆነ። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበው ምናለሽ ተራ ሄዶ ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ማጥለያ ሆኖ ወጣ። ልጆች ደግሞ የዘይት ጣሳ በድንጋይ እየቀጠቀጡ፣ ሽቦ እያጠፉ፣ ከተበጠሰ ሸበጥ ጎማ እየቆረጡ፣ አንዳንዴም ቆርኪ እያደረጉ መኪና ሠሩ። በረጅም ሽቦ መሪ ቆሞ የሚነዳውን ያን መኪና ከ40 ዓመት በላይ የሆነ የገጠርም የከተማም ሰው ያውቀዋል። ከጦርነት በኋላ የነበረችው ጃፓን በጣሳ መኪና ሠርታ ኢንዱስትሪ አቆመችበት፤ የእኛ ልጆች ግን ሠርተው ሲጨርሱ መኪናው መልሶ ለቆራሌው ሄደ። ስለዚህ አሁን ያ መኪና ቢፈለግ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተሠራ ለማግኘት ይከብዳል፤ የሚገኘው ለቱሪስት ታስቦ አዲስ የተሠራው ነው። ቢጫ የፕላስቲክ ጀሪካን የዘይት ጣሳውን ከየቤቱ ሲያስወጣ ጥሬ ዕቃውም ቀነሰ።

የእነዚህ ዕቃዎች ነገር ከጃፓኑ በአንድ ነገር ይከፋል። የባንዳይ መኪና ሆዱ ላይ የፋብሪካ ምልክት አለው፤ ሠሪው ቢሞት ካታሎጉ ይናገራል። የሰፈር ልጅ የሠራው መኪና ምልክት የለውም። ያም ሆኖ ከምንም አይሻልም ማለት አይደለም፤ የላሜራው ውስጠኛ ገጽ ላይ የዘይቱ ጣሳ ጽሑፍ፣ ዘይቱ የእርዳታ ከሆነም የለጋሹ አገር ስም፣ አንዳንዴም የታሸገበት ዓመት ይገኛል፤ ያ ብቻውን የዕቃውን ዘመን በግምት ይወስናል። አንድ ሰው እንዲህ ያለ መኪና ወይም ኩራዝ እጁ ቢገባ መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይደለም፤ ፎቶ ማንሣትና ማን እንደሠራው፣ የት፣ ከየትኛው ጣሳ እንደሆነ ከባለቤቱ ጠይቆ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ይህ ወረቀት ከሌለ ዕቃው ገዢ ዘንድ ሲደርስ «የአፍሪካ መጫወቻ» በሚል ድፍን ስም ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ በጅምላ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ከወሎ ይሁን ከሻሸመኔ፣ ከደርግ ዘመን ይሁን ካለፈው ሳምንት የሚለየው ሰው አይገኝም።